ቋንቋ፣ ሃይማኖትና አገር፤ የቤንጋሊ ብሔራዊ ማንነት አመጣጥና የነጻነቱ ትግል ዓላማዎች

፩. የጥያቄው መሠረት

በ1971 በደቡብ እስያ ባንግላዴሽ የተባለ አዲስ መንግሥት ቆመ። ስሙ በሕዝቡ ቋንቋ «የባንግላ አገር» ማለት ነው፤ ባንግላ የሚለውም ቃል አገሩንና ቋንቋውን በአንድነት ይጠራል። በዚህ ጽሑፍ አገሩ ቤንጋል፣ ሕዝቡና ቋንቋው ደግሞ ቤንጋሊ ይባላሉ፤ የሚጠቀሱትም ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዚህ መንግሥት አነሣሥ የሕዝቦችን ታሪክና ልማድ ለሚመረምር ሰው አንድ እንቆቅልሽ ያቀርባል። በ1946 በተደረገው ምርጫ የቤንጋል ሙስሊሞች በከፍተኛ ብልጫ ድምፃቸውን የሰጡት ለሙስሊም ሊግ፣ ማለትም ሃይማኖትን የብሔር መሠረት አድርጎ ፓኪስታንን ለማቋቋም ለተነሣው ፓርቲ ነበር። ከ24 ዓመት በኋላ፣ በ1970፣ የምሥራቅ ቤንጋል ሕዝብ ለቤንጋሊዎች ራስን የማስተዳደር መብት ለሚጠይቀው ለአዋሚ ሊግ ከዚያ ባላነሰ ብልጫ ድምፁን ሰጠ። በእነዚህ ዓመቶች መካከል ሕዝቡ ሃይማኖቱን አልለወጠም፤ መስጊዱንም አልተወም። ታዲያ የተለወጠው ምንድን ነው?

ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚሰጡት መልሶች ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ ቤንጋሊነት ከጥንት ጀምሮ የነበረና ለጊዜው ተኝቶ የነቃ መንፈስ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ነገሩ ሁሉ የጥቅም ጉዳይ ነበር፣ ቋንቋው ሰበብ ብቻ ነው የሚል ነው። ሁለቱም የእውነት ድርሻ ቢኖራቸውም እንቆቅልሹን አይፈቱም። የነገሩ አካሄድ በቅደም ተከተል ሲታይ፣ የነጻነቱ ትግል ዓላማዎች እያንዳንዳቸው ከአንድ የተለየ በደል የተወለዱ መሆናቸውና ቋንቋው እነዚህን ሁሉ የሚይዝ ዕቃ ሆኖ ማገልገሉ ይገለጣል። ከዚህም የሚከተል ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም በዚያ ቋንቋ የማይናገሩት የአገሩ ልጆች በዚህ ዕቃ ውስጥ ምን ስፍራ ነበራቸው የሚለው ነው።

፪. የአገሩና የሕዝቡ ጥንተ ነገር

ቤንጋል የጋንጅስ፣ የብራህማፑትራና የመግና ወንዞች ወደ ባሕር ከመግባታቸው በፊት ተበታትነው የሚፈስሱበት ለጥ ያለ ደለል አገር ነው። የሕዝቡ ኑሮ በሩዝና በዓሣ ላይ የተመሠረተ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሱልጣን ኢልያስ ሻህ የአገሩን ክፍሎች በአንድ ዙፋን ሥር አዋሕደው የባንጋላ ንጉሥ ተባሉ፤ አገሩም በአንድ ስም መጠራት የጀመረው ከዚህ ጊዜ ወዲህ ነው ለማለት ይቻላል። በዚህ ሱልጣናዊ መንግሥት ታሪክ ውስጥ ኢትዮጵያውያንን የሚመለከት አንድ አጭር ምዕራፍ ይገኛል። ከ1487 ጀምሮ እስከ 1490ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በዙፋኑ ላይ የተፈራረቁት ገዥዎች የዜና መዋዕሉ ጸሐፊዎች «ሐበሺ» የሚሏቸው፣ ከአፍሪካ ቀንድ በባርነት ተወስደው በቤተ መንግሥት ወታደርነት ያደጉ ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱም አንዱ ሰይፉዲን ፊሩዝ ሻህ በጋውር ከተማ ለሚገኘው ፊሩዝ ሚናር ለተባለው ግንብ ስማቸውን ሰጥተዋል።

ከሐበሺዎቹ በኋላ የነገሡት የአላውዲን ሁሴን ሻህ ዘመን ለቤንጋሊ ሥነ ጽሑፍ ታላቅ ዘመን ነበር። ሙስሊሞቹ ሹማምንት የሂንዱዎችን ታላቅ መጽሐፍ ማሃባራታን ወደ ቤንጋሊ እንዲመልሱ ባለቅኔዎችን ያዝዙና ይሸልሙ ነበር። እንግዲህ ቋንቋው በመጀመሪያ የአደገው በሁለት ሃይማኖቶች እጅ ነው።

እስልምና በምሥራቁ ክፍል የተስፋፋበት መንገድም ልብ ሊባል ይገባዋል። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ፣ በሙጋሎች ዘመን፣ ጫካው እየተመነጠረ ለሩዝ እርሻ ሲውል፣ ለአቅኚዎቹ መሬት የሚሰጠው ብዙ ጊዜ መስጊድ ወይም የቅዱስ ሰው መቃብር እንዲያቆሙበት ጭምር ነበር። ስለዚህ እርሻውና ሃይማኖቱ አብረው ገቡ፤ የምሥራቅ ቤንጋል ሙስሊምም በብዛቱ ገበሬ ሆነ። ገበሬው ፒር የሚባሉትን የሃይማኖት አባቶች መቃብር ይሳለማል፤ ሳትያ ፒር የተባለውን ቅዱስ ግን ሙስሊሙም ሂንዱውም ያከብሩት ነበር። ባውል የተባሉት ተንከራታች ዘማሪዎችም የሁለቱን ሃይማኖት ቃላት አዋሕደው ይዘምራሉ፤ ከእነዚህ እጅግ የታወቁት ላሎን በ1890 ዐረፉ።

ከገበሬው በላይ አሽራፍ የሚባሉ፣ ትውልዳቸውን ከዐረብና ከፋርስ የሚቈጥሩ፣ በቤታቸውም ኡርዱ ወይም ፋርስኛ መናገርን የክብር ምልክት የሚያደርጉ ቤተሰቦች ነበሩ። ቤንጋሊ ለእነርሱ የባላገር ቋንቋ ነበር። ይህ ንቀት አዲስ አይደለም፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት ባለቅኔ አብዱል ሀኪም «ኑርናማ» በተባለው ድርሰታቸው በቤንጋል ተወልደው የቤንጋልን ቋንቋ የሚጠሉትን ክፉኛ ዘልፈዋል። በ1948 የተነሣው ክርክር እንግዲህ በምሥራቅና በምዕራብ ፓኪስታን መካከል ከመሆኑ በፊት በቤንጋል ሙስሊሞች መካከል የነበረ የቆየ ክርክር ነው።

፫. ሃይማኖትና ርስት፤ ከ1793 እስከ 1947

የእንግሊዝ አገዛዝ በ1757 ከፕላሲ ጦርነት በኋላ በቤንጋል ላይ ተተከለ። በ1793 የወጣው የመሬት ግብር ደንብ ዘሚንዳር የተባሉትን ግብር ሰብሳቢዎች ባለርስቶች አደረጋቸው። በምሥራቅ ቤንጋል ባለርስቱና አራጣ አበዳሪው በብዛት ሂንዱ፣ ጭሰኛው በብዛት ሙስሊም ስለነበረ የመደብና የሃይማኖት ልዩነት በአንድ መስመር ላይ ገጠሙ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በካልካታ ያበበው አዲስ የቤንጋሊ ሥነ ጽሑፍም ከተማረው የሂንዱ ክፍል የወጣ ስለነበር፣ በብዙዎቹ አንደበት «ቤንጋሊ» ማለት ሂንዱ፣ ሌላው ደግሞ «ሙስሊም» ብቻ ማለት ሆኖ ነበር።

በ1905 የእንግሊዝ እንደራሴ ሎርድ ከርዘን ቤንጋልን ለሁለት ከፈሉት። ክፍፍሉን የተቃወሙት ሰዎች «ስዋዴሺ» የተባለውን የእንግሊዝን ሸቀጥ ያለመግዛት እንቅስቃሴ አስነሡ። ባለቅኔው ራቢንድራናት ታጎር በኋላ የባንግላዴሽ ብሔራዊ መዝሙር የሆነውን «አማር ሾናር ባንግላ» የደረሱት በዚህ ጊዜ ነው፤ ዜማውንም የወሰዱት ጋጋን ሃርካራ ከተባለ የባውል ዘማሪና ፖስታ አመላላሽ ነበር። ሆኖም ብዙዎቹ የምሥራቅ ሙስሊሞች በአዲሱ ክፍለ አገር ውስጥ የተሻለ ዕድል አይተው ስለነበር ክፍፍሉ በ1911 ሲሻር አዘኑ። ሙስሊም ሊግም የተመሠረተው በ1906 በዳካ ከተማ ነው። በዚህም ምክንያት አንዱ መዝሙር በ1905 ለአንዳንዱ የአንድነት፣ ለአንዳንዱ የባለርስቶች መዝሙር ነበር።

ጭሰኛው ፓኪስታንን የደገፈው በምን ተስፋ እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ለእርሱ ፓኪስታን ከሃይማኖቱ ክብር በተጨማሪ ከዘሚንዳሩ ዕዳ ነጻ መውጣት ማለት ነበር። በ1940 የላሆርን ውሳኔ ለጉባኤ ያቀረቡት የቤንጋል ገበሬዎች መሪ የነበሩት ፋዝሉል ሐቅ ናቸው፤ ውሳኔውም ስለ አንድ መንግሥት ሳይሆን ስለ «መንግሥታት» የሚናገር ነበር። በ1943 በቤንጋል የደረሰው ረሃብ ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ ፈጀ፤ በኦገስት 1946 በካልካታ ሂንዱዎችና ሙስሊሞች ተላለቁ። በ1947 ሁሴን ሻሂድ ሱህራዋርዲና ሳራት ቦስ የተባሉት መሪዎች ቤንጋል ሳይከፈል ራሱን የቻለ መንግሥት እንዲሆን ያቀረቡት ሐሳብም ሰሚ አላገኘም። ምዕራብ ቤንጋል ለሕንድ፣ ምሥራቅ ቤንጋል ለፓኪስታን ሆነ። የፓኪስታን ሁለቱ ክፍሎች በሕንድ ምድር ተለያይተው 1600 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቁ ነበር።

፬. የቋንቋው ክርክር

በአዲሱ መንግሥት ውስጥ ቤንጋሊ ከግማሽ የሚበልጠው ሕዝብ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ነበር፤ ኡርዱ ግን ከ10 ሰው የአንዱን ያህል እንኳ የአፍ መፍቻ አልነበረም። የመንግሥቱ መሪዎች ግን ኡርዱን የሙስሊሞች አንድነት ማሰሪያ አድርገው ተመለከቱት። በፌብሩዋሪ 1948 ዲሬንድራናት ዳታ የተባሉት የምሥራቅ ቤንጋል እንደራሴ፣ በሕገ መንግሥቱ ጉባኤ ከኡርዱና ከእንግሊዝኛ ጋር ቤንጋሊም እንዲነገር ጠየቁ። ጥያቄው ወደቀ፤ እርሳቸውም ሂንዱ ስለነበሩ አገር ሊከፋፍሉ ነው ተብለው ተወቀሱ። በማርች 1948 ጠቅላይ ገዥው ሙሐመድ አሊ ጂናህ ወደ ዳካ መጥተው የመንግሥቱ ቋንቋ ኡርዱ ብቻ እንደሚሆን አስታወቁ። የጂናህ የራሳቸው የአፍ መፍቻ ጉጃራቲ ነበር፤ ንግግሩንም ያደረጉት በእንግሊዝኛ ነው። ይኸው ቃል በዩኒቨርሲቲው የምረቃ በዓል ላይ ሲደገም ከተማሪዎቹ መካከል የተቃውሞ ድምፅ ተሰማ።

ታላቁ የቋንቋ ሊቅ ሙሐመድ ሻሂዱላህ በዚያው ዓመት መጨረሻ በዳካ በተደረገ የሥነ ጽሑፍ ጉባኤ ላይ ያቀረቡት ሐሳብ ለኋላው ዘመን መነሻ ሆነ። እርሳቸው ሃይማኖተኛ ሙስሊም ሲሆኑ፣ ሂንዱነትና ሙስሊምነት እውነት መሆናቸውን ሳይክዱ ቤንጋሊነት ከዚያ የበለጠ እውነት መሆኑን አስረዱ፤ ተፈጥሮ በመልክና በአንደበት ላይ ያተመችውን የግንባር ምልክትም ሆነ ጢምና ቆብ ሊሸፍነው አይችልም አሉ። ይህ አባባል ሃይማኖትን አይቃወምም፤ ሃይማኖት የሰውን ሁለንተና ጠቅልሎ ይይዛል የሚለውን ብቻ ይቃወማል። በዚህ ጊዜ ከማዕከላዊው መንግሥት በኩል ቤንጋሊ በዐረብ ፊደል እንዲጻፍ የሚል ሐሳብ መቅረቡ ጥርጣሬውን አበዛው። ፊደልን መለወጥ የጥንቱን መጽሐፍ ከልጅ እጅ መንጠቅ መሆኑን የተማረው ሁሉ ወዲያው ተረዳ።

በጃንዋሪ 1952 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክዋጃ ናዚሙዲን የጂናህን ቃል ሲደግሙት ተማሪዎቹ ተነሡ። ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1952 የስብሰባ ክልከላውን ጥሰው በወጡት ላይ ፖሊስ በዳካ የሕክምና ኮሌጅ አጠገብ ተኩስ ከፈተ። በዚያ ቀንና በማግሥቱ በተተኮሰው ጥይት ተመትተው ከሞቱት መካከል ስማቸው የታወቀው አቡል ባርካት፣ ራፊቁዲን አሕመድ፣ አብዱል ጃባር፣ አብዱስ ሰላምና ሻፊዑር ራህማን ናቸው። ሁሉም ሙስሊሞች ነበሩ፤ የተኮሰባቸውም የሙስሊሞች መንግሥት ነው። አንድ ሃይማኖት ብቻውን ፍትሕን እንደማያስገኝ ከማናቸውም ንግግር ይልቅ ይህ ቀን አስተማረ። በ1956 የወጣው ሕገ መንግሥት ቤንጋሊን ከኡርዱ ጋር የመንግሥት ቋንቋ አድርጎ ተቀበለ፤ ጥያቄው ግን በዚህ አላበቃም።

፭. ከቋንቋ ወደ ሀብትና ሥልጣን

በ1954 በምሥራቅ ቤንጋል በተደረገው ምርጫ ተቃዋሚዎቹ «የተባበረ ግንባር» በሚል ስም ተሰብስበው 21 ነጥቦች ያሉት መግለጫ አወጡ፤ ቁጥሩም የተመረጠው ፌብሩዋሪ 21ን እንዲያስታውስ ነው። ግንባሩ ለሙስሊሞች ከተመደቡት 237 መቀመጫዎች 223ቱን አሸነፈ። ይሁን እንጂ መንግሥቱ ሁለት ወር ያህል ብቻ እንደሠራ ከማዕከል በመጣ ትእዛዝ ተሻረ። ቀጥሎም ምሥራቁ በሕዝብ ብዛት ቢበልጥም በምክር ቤት ከምዕራቡ እኩል መቀመጫ ብቻ እንዲኖረው ተደረገ፤ በ1958 ደግሞ ጄኔራል አዩብ ካን ሥልጣኑን በጦር ኃይል ያዙ። ዴሞክራሲ የትግሉ ዓላማ የሆነው ከመጽሐፍ ተቀድቶ ሳይሆን፣ በድምፅ የተገኘው ሁሉ በትእዛዝ ሲነጠቅ በመታየቱ ነው።

የሀብቱ ጉዳይ እንደዚሁ ነው። ከምሥራቁ የሚገኘው ጁት የተባለው የቃጫ ተክል ለብዙ ዓመቶች ከፓኪስታን የውጭ ምንዛሪ ትልቁን ድርሻ ያስገባ ነበር፤ ፋብሪካውና ዋና ከተማው፣ የጦር ሠራዊቱም ሥልጣን በብዛት የተተከለው ግን በምዕራቡ ነው። ረህማን ሶብሃንን የመሰሉ የዳካ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ፓኪስታን ሁለት የተለያዩ የምጣኔ ሀብት አካላት ያሏት አገር ናት የሚለውን ሐሳብ በ1960ዎቹ መጀመሪያ አስፋፉ። በ1969 እና 1970 የምዕራቡ የነፍስ ወከፍ ገቢ ከምሥራቁ በ61 በመቶ ይበልጥ ነበር። በ1965 ከሕንድ ጋር በተደረገው ጦርነት ጊዜም ምሥራቁ ያለ በቂ መከላከያ መተዉን ሕዝቡ አስተዋለ።

በፌብሩዋሪ 1966 ሼክ ሙጂቡር ራህማን በላሆር ያቀረቧቸው ስድስት ነጥቦች የእነዚህ ሁሉ ድምር ናቸው። ጠቅላላ ሐሳባቸው መንግሥቱ ፌዴራላዊ እንዲሆን፣ ለማዕከሉ የመከላከያና የውጭ ጉዳይ ብቻ እንዲቀር፣ ገንዘብ፣ ግብርና የውጭ ምንዛሪ በየክፍሉ እንዲጠበቅ፣ ምሥራቁም የራሱ የጥበቃ ኃይል እንዲኖረው ነው። በነጥቦቹ ውስጥ ስለ ቋንቋ የተጻፈ አንድም ቃል አለመኖሩ ልብ ሊባል ይገባል። ቋንቋው ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ ጥያቄዎቹ ሁሉ የሚነገሩበት አንደበት ሆኖ ነበር።

በኖቬምበር 1970 የደረሰው ማዕበል በግምት ከ300,000 የማያንስ ሕዝብ ፈጀ፤ የመንግሥቱ ዕርዳታም መዘግየቱ ብዙ ቁጣ አስነሣ። በተከታዩ ወር በተደረገው ምርጫ አዋሚ ሊግ በምሥራቅ ከነበሩት 162 የሕዝብ መቀመጫዎች 160ውን አሸነፈ፤ ይህም በመላው ፓኪስታን መንግሥት ለማቋቋም የሚበቃ ነበር።

፮. መዝሙር፣ ዘመን መለወጫና ሐውልት

የፖለቲካው ታሪክ ብቻውን ሲነገር ቤንጋሊነት በገበሬውና በከተሜው ልብ እንዴት እንደገባ አይታወቅም። ለዚህ መታየት ያለበት ልማዱ ነው።

በ1961 የታጎር ልደት 100ኛ ዓመት በመንግሥት ዘንድ በጥርጣሬ ቢታይም በዳካ ተከበረ። በዚያው ዓመት «ቻያኖት» የተባለው የመዝሙርና የባህል ማኅበር ተቋቋመ። በ1967 የማስታወቂያ ሚኒስትሩ ከፓኪስታን ባህል ጋር የማይስማሙ የታጎር መዝሙሮች በራዲዮ እንዳይተላለፉ መወሰኑን ለምክር ቤት ሲያስታውቁ ሊቃውንቱ በይፋ ተቃወሙ። ማኅበሩም ከዚያው ዓመት ጀምሮ «ፖሄላ ቦይሻክ» የተባለውን የቤንጋሊ ዘመን መለወጫ በዳካ ራምና መናፈሻ ከአንድ ታላቅ ዛፍ ሥር ፀሐይ ስትወጣ በመዝሙር ማክበር ጀመረ።

ይህ በዓል ራሱ የሁለት ዓለም ልጅ ነው። የዘመን አቆጣጠሩ በሙጋሉ ንጉሥ በአክባር ጊዜ ግብር ከመኸር ጋር እንዲገጥም ሲባል የሂጅራ ዓመት ከፀሐይ አቆጣጠር ጋር ተጣጥሞ እንደተደነገገ ይነገራል። በገጠርና በገበያ በዓሉ ነጋዴው አሮጌውን የዕዳ መዝገብ ዘግቶ አዲስ የሚከፍትበት፣ ለደንበኞቹም ጣፋጭ የሚያቀርብበት ቀን ነበር። የሒሳብ ቀን የነበረው ወደ ብሔራዊ በዓል የተለወጠው እንግዲህ በ1960ዎቹ በተደረገበት ክልከላ ምክንያት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው ግን የፌብሩዋሪ 21 ሥርዓት ነው። ተማሪዎቹ የመጀመሪያውን ሐውልት በፌብሩዋሪ 23 ሌሊት 1952 ሠሩት፤ ፖሊስ በሦስተኛው ቀን አፈረሰው። በሠዓሊው ሐሚዱር ራህማን የተነደፈውና ቀራፂዋ ኖቬራ አሕመድ የተባበሩበት ሐውልት በ1963 ተመረቀ፤ በማርች 1971 ሠራዊቱ አፈረሰው፤ ከነጻነት በኋላ እንደገና ተሠራ። ሕዝቡ በየዓመቱ ከንጋት በፊት ጫማውን አውልቆ፣ አበባ ይዞ፣ እየዘመረ ወደዚያ ይሄዳል። የሚዘመረውንም መዝሙር ዜማ የሠሩት አልታፍ ማሕሙድ በ1971 በሠራዊቱ ተወስደው አልተመለሱም።

የሐውልቱ ስም «ሾሂድ ሚናር» ነው። ሾሂድ፣ ሰማዕት ማለት፣ ከእስልምና የመጣ ቃል ነው፤ ሚናርም እንዲሁ የመስጊድን ግንብ ያስታውሳል። በሐውልቱ ዙሪያ መሬት ላይ የሚሣለው «አልፖና» የተባለው የነጭ ቀለም ሥዕል ግን በሂንዱ ቤቶች ሴቶች በበዓል ቀን የሚሥሉት ነው። አበባውና ባዶ እግሩም የየትኛውም ሃይማኖት ብቻ አይደሉም። ስለዚህ ይህ ሥርዓት ሃይማኖትን የጣለ ሳይሆን፣ የሁለቱን ሃይማኖቶች ቃልና ምልክት ወስዶ ሁሉም በእኩልነት የሚቆምበት አደባባይ የሠራ ነው። ኋላ በሕገ መንግሥት የተጻፈው ሐሳብ በቀለም ከመጻፉ 20 ዓመት በፊት በእግር የተጻፈ ነበር ማለት ይቻላል።

፯. የ1971 ዐዋጅና አራቱ ዓላማዎች

የምርጫው አሸናፊዎች መንግሥት እንዳያቋቁሙ ምክር ቤቱ ሳይከፈት ሲዘገይ፣ በማርች 1971 ምሥራቁ በሙሉ ሥራ አቆመ። ማርች 25 ሌሊት ሠራዊቱ በዳካ ዩኒቨርሲቲ፣ በፖሊስ ሰፈርና በሂንዱዎች መንደር ላይ ዘመተ። በ1948 ለቋንቋው የተናገሩት ዲሬንድራናት ዳታም በዚያ ወር ከቤታቸው ተወስደው ተገደሉ። ዘጠኝ ወር በቆየው ጦርነት 10 ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ ወደ ሕንድ ተሰደደ። የሟቾቹን ቁጥር የባንግላዴሽ መንግሥት 3 ሚሊዮን ሲል፣ ሌሎች ተመራማሪዎች ከዚያ በብዙ ያነሰ ግምት ይሰጣሉ። እጅግ ብዙ ሴቶች ተደፈሩ፤ አዲሱ መንግሥት «ቢራንጎና» ማለትም ጀግኒት የሚል ስም ቢሰጣቸውም፣ በየመንደራቸው የጠበቃቸው ብዙ ጊዜ ክብር ሳይሆን ነውር ነበር። በዲሴምበር 14 መምህራን፣ ሐኪሞችና ጋዜጠኞች ተለቅመው ተገደሉ፤ በዲሴምበር 16 ቀን የፓኪስታን ሠራዊት ከሕንድና ከቤንጋሊ ተዋጊዎች የጋራ ጦር ፊት እጁን ሰጠ።

በጦርነቱ መካከል፣ አፕሪል 10 ቀን 1971፣ የወጣው የነጻነት ዐዋጅ የአዲሱን መንግሥት ግብ በሦስት ቃላት ገለጠው፤ እነርሱም እኩልነት፣ የሰው ልጅ ክብርና ማኅበራዊ ፍትሕ ናቸው። በኖቬምበር 1972 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ አራት መሠረቶችን አቆመ፤ እነዚህም ብሔረተኝነት፣ ሶሻሊዝም፣ ዴሞክራሲና በሃይማኖቶች መካከል ያለማድላት ናቸው።

ብሔረተኝነቱ ከቋንቋና ከባህል አንድነት የሚመነጭ መሆኑ በግልጽ ተጻፈ። ሶሻሊዝሙ የጭሰኛው የቆየ ተስፋና የሁለቱ የምጣኔ ሀብት አካላት ክርክር ወራሽ ነው፤ በማርች 1972 ባንኮችና የጁትና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የመንግሥት ሆኑ። ዴሞክራሲው የ1954ና የ1970 ምርጫዎች ዕዳ ነው። አራተኛው «ዶርሞ ኒሮፔክሖታ» ሲባል፣ ቃሉ በቀጥታ «በሃይማኖት ያለመወገን» ማለት ነው። ሼክ ሙጂብ ለጉባኤው እንዳስረዱት ይህ ሃይማኖት የለሽነት አይደለም፤ ሁሉም በየሃይማኖቱ ይኖራል፣ ሃይማኖት ግን የፖለቲካ መሣሪያ አይሆንም። በዚህም ምክንያት በሃይማኖት ስም ፓርቲ ማቋቋም ተከለከለ፤ በራዲዮ ግን የቁርኣን፣ የጊታ፣ የወንጌልና የቡድሂስቶች መጽሐፍ ንባብ በእኩልነት ይሰማ ጀመር።

፰. ከስሙ ውጭ የቀሩት

በዚያው ሕገ መንግሥት ውስጥ የአገሩ ዜጎች ሁሉ «ቤንጋሊ» ተብለው እንዲጠሩ የሚል አንቀጽ ገባ። ኦክቶበር 31 ቀን 1972 የቺታጎንግ ኮረብታማ አገር እንደራሴ የነበሩት ማናቤንድራ ናራያን ላርማ ይህን ተቃወሙ። እርሳቸው ቻክማ ናቸው፤ አባቶቻቸውም ራሳቸውን ቤንጋሊ ብለው አያውቁም፤ የባንግላዴሽ ዜጋ መሆንን ይቀበላሉ፣ ቤንጋሊ መባልን ግን አይቀበሉም። ተቃውሟቸው ሰሚ ሲያጣ ከጉባኤው ወጡ።

የኮረብታው ሕዝቦች ከዚያ በፊትም በደል ነበረባቸው፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው የካፕታይ ግድብ 100,000 ያህል ሰው፣ በብዛት ቻክማዎችን፣ ከመሬታቸው አፈናቅሏል። ከ1972 በኋላ የመሣሪያ ትግል ተነሣ፤ የሰላም ስምምነት የተፈረመው በዲሴምበር 1997 ነው። በሌላ በኩል በ1947 ከሕንድ ተሰደው የመጡትና ቢሃሪ የተባሉት ኡርዱ ተናጋሪዎች፣ ብዙዎቹ በጦርነቱ ከፓኪስታን ጎን በመቆማቸው፣ ሁሉም በአንድነት እንደ ጠላት ታዩ፤ በርካታዎቹም ተገደሉ። የቀሩት በሰፈር ተከልለው ለብዙ ዓመቶች አገር የለሽ ሆነው ኖሩ፤ ዜግነታቸው በፍርድ ቤት የታወቀላቸው በ2008 ነው።

ነገሩ እጅግ የሚያሳስበው እዚህ ላይ ነው። «አንድ አገር፣ አንድ ቋንቋ» የሚለውን ትእዛዝ በደሙ የተቃወመ ሕዝብ፣ መንግሥት በሆነ በዓመቱ ለሌሎች አንድ ስም አዘዘ። ይህ የክፋት ሳይሆን የዓላማው የራሱ ጉድለት ነበር፤ ቋንቋ በብዙኃኑ ላይ ለተፈጸመ በደል መልስ ሲሆን የጥቂቱን በደል ለማየት ዓይን አልነበረውም።

ሌሎቹ ዓላማዎችም በሰላም አልቆዩም። በጃንዋሪ 1975 የአንድ ፓርቲ አገዛዝ ታወጀ፤ ኦገስት 15 ቀን 1975 ሼክ ሙጂብ ከቤተሰባቸው ጋር ተገደሉ። በ1977 ጄኔራል ዚያውር ራህማን በሃይማኖት ያለመወገንን አንቀጽ አውጥተው በአላህ መታመንን አስገቡ፤ የዜጎቹንም ስም «ባንግላዴሺ» አደረጉ። በ1988 እስልምና የመንግሥት ሃይማኖት ተባለ። በ2011 የተደረገው ማሻሻያ አራቱን መሠረቶች መለሰ፣ የመንግሥት ሃይማኖቱንም ግን አላወጣም፤ ሕዝቡ በብሔር «ቤንጋሊ»፣ በዜግነት «ባንግላዴሺ» ይባል አለ። ሁለቱ ስሞች ከ1977 ጀምሮ የሁለት ወገኖች ሰንደቅ ሆነዋል፤ ሆኖም «ባንግላዴሺ» የሚለው ስም ቻክማውን በዜግነት ሲያስገባ፣ የያዘው የሃይማኖት ቃል መልሶ አስወጣው።

፱. መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የሚታየው፣ የቤንጋሊ ብሔራዊ ማንነት አስቀድሞ ተሠርቶ የተገኘ ነገር አለመሆኑ ነው። ጭሰኛው ከባለርስቱ፣ የቤንጋሊ ጸሐፊው ከአሽራፉ፣ መራጩ ከጄኔራሉ ጋር በገጠሙት ክርክር ውስጥ ቀስ በቀስ ተሠርቷል። የ1946 እና የ1970 ድምፆችም አይጻረሩም፤ ሁለቱም የአንድ ገበሬ የፍትሕ ጥያቄዎች ናቸው፤ በመጀመሪያው በሃይማኖት ቃል፣ በሁለተኛው በቋንቋ ቃል ተነገሩ።

በኖቬምበር 1999 ዩኔስኮ ፌብሩዋሪ 21ን የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች ዓለም አቀፍ ቀን እንዲሆን ወሰነ። በዚህ ውሳኔ ቀኑ የአንድ ቋንቋ መሆኑ ቀርቶ የቋንቋዎች ሁሉ፣ ስለዚህም የቻክማ ጭምር ሆነ። በኦገስት 2024 በተማሪዎች መሪነት የተነሣው እንቅስቃሴ የሼክ ሐሲናን መንግሥት ከጣለ በኋላ፣ በጃንዋሪ 2025 የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ኮሚሽኑ ባቀረበው ሐሳብ ከአራቱ መሠረቶች ዴሞክራሲን ብቻ አስቀርቶ፣ እኩልነትን፣ የሰው ልጅ ክብርን፣ ማኅበራዊ ፍትሕንና ብዝኃነትን ጨመረ። ከእነዚህ ሦስቱ ከአፕሪል 1971 ዐዋጅ በቀጥታ የተወሰዱ ናቸው። አንዳንዱ ይህን የነጻነቱን ውርስ መካድ ነው ሲል፣ ሌላው ወደ ምንጩ መመለስ ነው ይላል። ክርክሩ የሚያረጋግጠው ግን አንድ ነገር አለ፤ በዐዋጁ ውስጥ «ቤንጋሊ» ባይሆንም የሚገባው ሰው እንዳለ በሕገ መንግሥቱ ከመታየቱ በፊት ታይቶ ነበር። የሰው ልጅ ክብር በየትኛው ቋንቋ እንደሚነገር ዐዋጁ አልወሰነም፤ ምናልባትም ከአራቱ መሠረቶች ይልቅ ሰፊ ቤት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።